ተረቴን መልሱ

ልጆች ሳለን ማታ ማታ እሳት ዳር ተረት የሚነግሩን አያቴ ነበሩ። የጦጣው፣ የጅቡና የአህያው ነገር ሁሉ ተነግሮ ሲያልቅ፣ አያቴ ሁልጊዜ የሚጨርሱት በአንድ ቃል ነበር፦ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።» ያን ጊዜ እንደ ጨዋታ ነበር የምንሰማው። አድጌ ሳስበው ግን ቃሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛው፣ የሰማ ሰው በተራው ተረት እንዲመልስ ነው። ሁለተኛው፣ የተናገረች ሴት ለድካሟ አንድ ነገር እንድትቀምስ ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ ሁለቱም ሳይፈጸሙ የቀሩበት አንድ ኀዘን ነው።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ በመኪና አደጋ ሞተብን። የተቀበረው ቢቸና አጠገብ ባለው የትውልድ ቀበሌያችን ነው። አክስቴ በአካባቢው ሙሾ በማውረድ የታወቁ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ለሌላው ሲያለቅሱ የኖሩ ሴት በዚያ ቀን ለገዛ ልጃቸው ቆሙ። የልጁን የሕፃንነት ጠባይ፣ የመጀመሪያ ደመወዙን ለማን እንዳመጣ፣ ሳይከፍለው የቀረውን ብድር፣ ሳያገባት የቀረችውን ልጅ ሳይቀር በግጥም ዘረዘሩት። ያላለቀሰ አልነበረም።

ከዘመዶቻችን አንዱ፣ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ይህን በስልኩ ቀረጸው። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ ሰከንድ ያህሉ ተቆርጦ፣ ከሥሩ ሙዚቃ ገብቶበት፣ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞር ጀመር። አንዳንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፎበታል፤ የሚበዛው ግን የሚስቅ ፊት ለጥፎበታል። የአክስቴ ስም የትም የለም። የልጃቸውም ስም የለም። አክስቴ ኢንተርኔት ያለው ስልክ ስለሌላቸው ነገሩን የሰሙት ከጎረቤት ልጅ ነው። ስደውልላቸው ያሉኝ ይህን ብቻ ነበር፦ «እኔ ያለቀስኩት ለልጄ ነው፤ ገበያ ያወጣው ማን ነው?»

መጀመሪያ የተናደድኩት በስልኩ ነበር። «ይህ የዘመኑ ዕቃ ነው ያዋረደን» አልኩ። በኋላ ስለ አገራችን ቃላዊ ቅርስ የተጻፈውን ሳነብ ግን ነገሩ ከስልክ በፊት እንደጀመረ ተረዳሁ። የሴቶች ቃል ያለ እነርሱ ፈቃድና ያለ እነርሱ ጥቅም ሲወሰድ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከእናንተ ጋር መወያየት የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

በ1924 ዓ.ም. ክረምት ማርሴል ግሪዮል የሚባል ፈረንሳዊ የሚመራው የጥናት ቡድን ጎንደር ገባ። ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ጅቡቲ ድረስ የሚዘልቅ ጉዞ ስለነበር «የዳካር ጅቡቲ ተልዕኮ» ይባላል። ቡድኑ ጎንደር አምስት ወር ያህል ተቀመጠ። ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ጥንታዊ ሥዕሎች አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ አስቀመጠና ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወሰደ። ዛሬም ያሉት እዚያው ሙዚየም ውስጥ ነው። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ተብሏል። ብዙ የማይወራው ከሴቶች አፍ ስለተወሰደው ነው።

የቡድኑ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ ይባላል። መልካም አያሁ የሚባሉ፣ በዕድሜ የገፉ የዛር አለቃ ቤት እየተመላለሰ ዘፈኑን፣ ምርቃቱንና የዛሩን ሥርዓት ይመዘግብ ነበር። አብረውት የሚሠሩት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ሴቶቹ የሚሉትን በአማርኛ በደብተር ይጽፋሉ፤ ሌሪስ ደግሞ ትርጉሙን በፈረንሳይኛ ይይዛል። መልካም አያሁ እማዋይሽ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ሌሪስ ለእማዋይሽ ብዕር፣ ቀለምና ደብተር ሰጣት። የምታውቀውን ራሷ እንድትጽፍ ወይም ለልጇ እየነገረች እንድታስጽፍ፣ በተለይም የፍቅር ግጥሞችን እንድትሰበስብለት ጠየቃት። የቡድኑ አለቃ ከወደደው የፈለገችውን ስጦታ እንደምታገኝም ነገራት። እማዋይሽ በጥያቄ መለሰችለት። በፈረንሳይ አገር ግጥም እንዳለ ጠየቀችው። ቀጥላም ፍቅር እንዳለ ጠየቀችው።

ስለዚህ ጥያቄ ደጋግሜ አስቤአለሁ። በእኛ አገር ግጥም የቅብብል ነገር ነው፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይመልሳል፣ አንዷ ስታወርድ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እማዋይሽም የጠየቀችው የራሷን ከመስጠቷ በፊት የእርሱን ለመስማት ይመስለኛል። በአያቴ ቋንቋ «አንተስ ምን ትመልሳለህ?» ማለቷ ነበር።

ሌሪስ የጉዞ ማስታወሻውን በ1934 እ.ኤ.አ. በፓሪስ አሳተመ። ስለ ጎንደር ዛር የጻፈው ሌላው መጽሐፍ በ1958 እ.ኤ.አ. ወጣ። አንድ ነገር መካድ አይገባም፦ መልካም አያሁንና እማዋይሽን በስማቸው ጠርቷቸዋል፤ ዛሬ እኛም ስማቸውን የምናውቀው በዚሁ ምክንያት ነው። መጽሐፉ የተጻፈው ግን በማያነቡት ቋንቋ፣ የታተመውም በማይደርሱበት አገር ነው። ቃላቸው ሄደ፤ የተመለሰላቸው ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ «የውጭ ሰዎች ናቸው ያጠፉት» ብለን ብንዘጋው ራሳችንን እናታልላለን። እኛም በገዛ አገራችን ቅርስ ብለን የያዝነው በአብዛኛው የተጻፈውን ነው፤ ሲጽፉ የኖሩት ደግሞ ወንዶች ናቸው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ይነሡ ጀመር። ቅጂዎቹም በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለብዙ ዓመታት እዚያ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። ዛሬ ከእነዚህ ብዙዎቹን በኢንተርኔት ከፍቶ ማየት ይቻላል። ታላቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል። የሴቶች ቃል ግን ብራና ላይ ስላልወጣ ፊልሙም አላገኘውም።

አልፎ አልፎ ሲገባ እንኳ በሌላ ሰው ብዕር ነው። ካቶሊክነትን ተቃውማ ስለተነሣችው ቅድስት የሚናገረውን ገድለ ወለተ ጴጥሮስ፣ ከዕረፍቷ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1672 እ.ኤ.አ. ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ጻፈው። የጻፈው ግን የሚያውቋት ሰዎች የነገሩትን ሰብስቦ ነው። ብዕሩ የእርሱ ነው፤ ትዝታው ግን የብዙዎች ነው፤ ከእነዚያም ውስጥ እናቶች መነኮሳት ነበሩበት።

በድምፅም ቢሆን እንዲሁ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ስማቸውና ድምፃቸው አብረው አሉ። በዚያው ዘመን በየቤቱ ስንት ሴት እሹሩሩ ስትል፣ ስትፈጭ ስታንጎራጉር፣ ሙሽራ ስትሸኝ፣ አስከሬን ላይ ሙሾ ስታወርድ ኖራለች። አንዷንም በስም አናውቃትም።

«እነዚህ የቤት ውስጥ ነገሮች ናቸው፣ ታሪክ አይባሉም» የሚል ሰው ይኖራል። የአክስቴን ሙሾ የሰማ ሰው እንዲህ አይልም። አንድ ሙሾ የሟቹን አባትና አያት፣ የመሬቱን ድንበር፣ የሞቱን ምክንያት፣ የበደለውንና የረዳውን ሰው ይይዛል። መዝገብ ቤት በሌለበት አገር መዝገቡ እርሱ ነው። የወፍጮ እንጉርጉሮም ፊት ለፊት የማይነገረውን ይናገር ነበር። ባሏን ወይም አማቷን በቀጥታ መክሰስ የማትችል ሴት ሌሊት መጁን እየገፋች በዜማ ትከሳለች፤ የሚሰማው ይሰማዋል፤ ማንም ግን «ለእኔ ነው» ብሎ መቆጣት አይችልም።

የቃልን ጉልበት ጠላትም ያውቀዋል። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች ውስጥ ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና በየመንደሩ እየዞሩ ወሬና ግጥም የሚያሰሙ ሰዎች ነበሩበት። ጠመንጃ አልያዙም። የያዙት ቃል ነበር፤ ጣሊያን ግን የፈራው እርሱን ነው።

ታዲያ የድሮው ሁሉ ይመለስ ማለቴ አይደለም። አያቴ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ይፈጩ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ እጃቸው እንደ ድንጋይ ነበር። ሞተር ወፍጮ ቀበሌያችን ሲገባ ሴቱ ሁሉ እልል አለ፤ እልልታውም ይገባው ነበር። ከድንጋዩ ጋር ግን እንጉርጉሮው ቀረ፤ ማንም አላስተዋለም። ድካሙ ሲቀር ቃሉ አብሮ እንዳይቀር ማድረግ የሚቻል ይመስለኛል። ለዚህ ደግሞ ያ ያበሳጨኝ ስልክ ራሱ መሣሪያ ነው።

ይህን የተማርኩት ከቤታችን ካሴት ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም. እህቴ ወደ ውጭ አገር ስትሄድ ስልክ መደወል ውድ ነበር። ስለዚህ እናቴ በካሴት ድምፅዋን እየቀረጸች፣ በሚሄድ ሰው እጅ ትልክላት ነበር። ሰላምታው፣ የጎረቤቱ ወሬ፣ ምርቃቱ ሁሉ አለበት። በመጨረሻም ሁልጊዜ ልጅ ሳለን ታስተኛን በነበረችበት እሹሩሩ ትዘጋዋለች። እናቴ ካረፈች በኋላ እህቴ ካሴቶቹን ይዛልኝ መጣች። ሰባት ነበሩ። ሦስቱ ሻጋታ በልቷቸው ክሩ ተጣብቋል። ሁለቱ ላይ ሌላ ዘፈን ተቀርጾባቸዋል። ከቀሩት ከሁለቱ የእናቴን ድምፅ አገኘን። ካሴቱን ማጫወቻ ከኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኝተን ስንገለብጠው፣ እህቴና እኔ እንደ ሕፃን አለቀስን። ያለን እናታችን ይህችው ናት።

ያኔ የገባኝ አንድ ነገር አለ። ካሴት በራሱ አያድንም፤ ኮምፒውተርም በራሱ አያድንም። የሚያድነው ማን እንደተናገረች፣ መቼና ለማን እንደተናገረች አብሮ የጻፈ ሰው ነው። ከካሴቶቹ በአንዱ ላይ አንዲት ሴት የሚያምር ግጥም ስትል ትሰማለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ማን እንደሆነች ግን እህቴም እኔም አናውቅም፤ የሚያውቁት ሞተዋል። የአክስቴም ቪዲዮ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲሁ ይሆናል፦ አንዲት ስም የሌላት ሴት፣ ስም ለሌለው ሰው ታለቅሳለች።

አገራችን በዚህ ጉዳይ ቃል ገብታለች። ግዙፍነት የሌላቸውን ባህላዊ ቅርሶች ለመጠበቅ ዩኔስኮ በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስምምነት ኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. ተቀብላለች። ከዚያ በኋላ የመስቀል በዓል በ2006፣ ፍቼ ጫምባላላ በ2008፣ የገዳ ሥርዓት በ2009፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዓለም ዝርዝር ውስጥ ተመዝግበዋል። ሁላችንም ኮርተንባቸዋል። አንድ ቅርስ በዚያ ዝርዝር እንዲገባ ባለቤቱ ማኅበረሰብ አውቆና ፈቅዶ መስማማቱ ይጠየቃል። እንግዲህ መንግሥት አደባባይ ላይ ለሚከበር በዓል ፈቃድ ከጠየቀ፣ እኛ በአንዲት እናት ልቅሶ ላይ ስልክ ስንደቅን ፈቃድ አለመጠየቃችን ምን ይባላል? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችን መብት ጠብቋል። በለቅሶ ቤት ግን ይህን ያሰበ የለም።

ይህን ነገር በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ሳነሣው ክርክር ተነሣ። አንዲት እህታችን «ተረትና ዘፈን የሁሉ ነው፤ ፈቃድ እየጠየቅን ከሆነ ማንም አይቀርጽም፣ ሁሉም ይጠፋል» አለች። እውነት አላት። የእንቁጣጣሽን አበባ አየሆሽ ማን ደረሰችው? ማንም አያውቅም፤ የሁላችን ነው፤ ልጆች ይቀርጹት፣ ይላኩት፣ ይዝፈኑት። አንዲት እናት በልጇ አስከሬን ላይ ያወረደችው ሙሾ ግን የእርሷ ነው። እንጉርጉሮም አንዳንዱ ምሥጢር አለበት፤ የሰው ስም አለበት። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ያን ያህል አያስቸግርም፤ ቡና እየተጠጣ የሚያልቅ ነገር ነው።

ስለዚህ በስብሰባችን የሚከተለውን ተስማምተናል። እያንዳንዷ አባል በቤቷ ልትጀምረው ትችላለች።

መጀመሪያ፣ ከመቅረጽ በፊት እንጠይቃለን። ከቀረጽን በኋላም ለተናጋሪዋ መልሰን እናሰማታለን። «ይኼ ይቅር» ያለችውን እንቆርጣለን። በለቅሶ ቤት የተቀረጸ ነገር ከሆነ እስከ ዐርባው ድረስ ለማንም አይላክም፤ ከዐርባው በኋላም የሚላከው ባለቤቲቱ ከፈቀደች ነው።

ሁለተኛ፣ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ስሟን፣ የትውልድ አገሯን፣ ቀኑንና ያንን ቃል ከማን እንደሰማችው ራሷ እንድትናገር እናደርጋለን። የተጻፈ ወረቀት ይጠፋል፤ በራሷ ድምፅ የተነገረ ስም ግን ከቀረጻው አይለይም።

ሦስተኛ፣ ቃሉን በጽሑፍም እናስቀምጣለን። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደል ሥርዓት ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የሚጽፉት አማርኛ የትም አገር ሲከፈት ይነበባል። ሴት አያት ትናገር፣ የልጅ ልጅ ይጻፍ፤ የማያውቀውን ቃል እየጠየቀ ይማራል።

አራተኛ፣ የድምፁን ዋና ቅጂ ዌቭ በሚባለው ሳይጨመቅ በሚቀመጥበት ዓይነት እንይዛለን። በቴሌግራምና በዋትስአፕ በድምፅ መልእክት የሚላከው እንዲያንስ ተጨምቆ ስለሆነ ጥራቱ ይቀንሳል። ቅጂው ሦስት ይሁን፦ አንዱ በስልክ ወይም በኮምፒውተር፣ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ቤት። ቤት ቢቃጠል ወይም ስልክ ቢሰረቅ አንዱ ይተርፋል።

አምስተኛ፣ ከቀረጻው ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ ለተናጋሪዋ ይደርሳታል። ተማሪም ሆነ ተመራማሪ ወደ ማኅበራችን ሲመጣ ይህንኑ እንነግረዋለን። ደጋፊዎቻችንም ይህን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። የሚለግሱን መቅጃና ፍላሽ ጠቃሚ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ግን ቃሏን የሰጠች እናት ለዋለችበት ቀን ሳይከፈላት እንዳትቀር ማድረግ ነው። እርሷ ቀኑን ለእኛ ስትሰጥ ጉልቷ ተዘግቶ ይውላል።

ወደ አክስቴ ልመለስ። ቪዲዮውን ያሰራጨው ልጅ ነገሩ ሲነገረው ደነገጠ። «እኔ ስለሚያምር ነው የለቀቅሁት፤ ሙዚቃውን ያስገባው ሌላ ሰው ነው» አለ። ከራሱ ገጽ ላይ አጠፋው፤ ሌሎች የገለበጡት ግን እስከ ዛሬ ይዞራል፤ ያን መሰብሰብ አይቻልም። ሽማግሌ ይዞ አክስቴ ዘንድ ሄደ። አክስቴ ብዙ አልተናገሩትም። «ልጄን በደንብ ታውቀው ነበር?» ብለው ጠየቁት። ትንሽ እንደሚያውቀው ነገራቸው። «እንግዲያው ተቀመጥና ስማ» አሉት።

ለዓመቱ ተዝካር ስሄድ ልጁን አክስቴ ቤት አገኘሁት። ስልኩን መደብ ላይ አኑሮ፣ ደብተር ይዞ፣ አጠገባቸው ተቀምጧል። አክስቴ በቀረጻው መጀመሪያ ላይ ስማቸውን ከነአባታቸው፣ የልጃቸውንም ስም ከነአባቱ ተናገሩ። ሙሾ ማውረድን ከእናታቸው እንደተማሩ፣ እናታቸውም ከአክስታቸው እንደተማሩ ተናገሩ። ከዚያ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ያልነበረውን ሁሉ አወረዱት። ልጁ ያልገባውን ቃል ሲጠይቅ ያቆማሉ፤ ያስረዱታል፤ ይቀጥላሉ። ሲጨርሱ መልሶ አሰማቸው። አንድ ስም ያለበትን ስንኝ አስቆረጡት፤ ሌላውን «ይሁን» አሉ።

እህቶቼ፣ በየቤታችን ጥግ ያረጀ ካሴት፣ በየስልካችን ስም ያልተጻፈበት ቀረጻ፣ በየመንደራችንም ገና ያልጠየቅናቸው እናቶች አሉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ እያንዳንዷ አንድ ይዛ ትምጣ። ካሴት ያላት ካሴቷን፣ ቀረጻ ያላት ስልኳን፣ ሁለቱም የሌላት ደግሞ እናቷን ይዛ ትምጣ። ዳቦውን እኔ እጋግራለሁ።